እጅ ንሺልኝ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአብርሄት ረዳኢ
አስመራ፣ አባ ሻውል

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ብዕሬ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አስራ ስድስት ቀን ሆኖታል። በትምህርት ብዛት ሳልመልስ ቀረሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ፤ ስለምታምኚኝ ነው የማልልሽ። ስድስት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ፣ ከስምሽ በታች የምጽፈው ጠፍቶኝ መልሼ አጥፌዋለሁ።

በአማርኛው ምክንያት ስለመቅረትሽ ምንም አልልም። ሂሳቡንም እንግሊዝኛውንም ከኔ በላይ አምጥተሽ፣ አማርኛ ያላለፈ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ተብሎ በሩ ሲዘጋብሽ፣ እኔ በዚያው በር ገብቼ "አይዞሽ" ብልሽ ያምርብኛል? አያምርብኝም። ስለዚህ የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስ።

የሴቶች መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አራት አልጋ አለው። እኛ ግን ሶስት ነን። አራተኛዋ ልጅ ስሟ በሩ ላይ ተለጥፎ ሳትመጣ ቀረች። ባዶውን አልጋ ማየት ደስ ስለማይለኝ ሻንጣዬን አስቀምጬበታለሁ። ስትመጪ በመስኮት በኩል ያለውን አልጋ እንዳትይዢ፤ የአስመራን ብርድ የለመደን ሰው እንኳን ያንቀጠቅጣል።

ምግብ ቤት ትሪ ይዞ መሰለፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትሪ ሳልይዝ ተሰልፌ፣ ወጥ የምትጨልፈው ሴትዮ "በመዳፍሽ ላድርግልሽ?" አለችኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ አስቀድሞ ትሪ። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ የሚለውን ሁሉ ልጻፍ አትበይ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ዛሬ ሳነበው የማን እንደሆነ አላውቅም። ግማሹን ስሚ፣ ግማሹን ጻፊ። ያልገባሽን እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ፤ አንቺ መቼም መጠየቅ አታፍሪም። የምታፍረው እኔ ነኝ።

የአስመራ ልጆች ምግብ ቤት ውስጥ የራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው። ትግርኛ ስሰማ ሳላስበው ትሪዬን ይዤ ጠጋ እላለሁ። "ከመይ ውዒልኩም?" ስላቸው በትህትና ይመልሱልኝና ወሬውን ወደ አማርኛ ያዞሩታል። የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ "የአስመራዋ" ነው የሚሉኝ። አባቴ ወደ አስመራ ተዛውረው ሰባት አመት እዳጋ ሀሙስ ሰፈር አድጌ የየትም ሳልሆን ቀረሁ። አንቺ ስትመጪ ያ ጠረጴዛ ወንበር ይስብልሻል፤ ያን ጊዜ እኔንም ትጠሪኛለሽ።

ጻፊልኝ። ለእናትሽ ለአደይ አዜብ እጅ ንሺልኝ።

እማዋይሽ ሀብተማርያም


አስመራ፣ ኅዳር 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእማዋይሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቐንየለይ። አስቀድሜ ልቆጣሽ። "ዓመት"ንና "ዐሥራ ስድስት"ን በአልፋው አ፣ "ሒሳብ"ን በሀሌታው ሀ ጽፈሻል። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽም ያው ነሽ። እኛ ቤት እነዚህ ፊደሎች በጉሮሮ ይለያሉ፤ እናንተ ቤት ሁሉም አንድ ድምፅ ሆነዋል። መምህር ደርበው የቃል ጽሕፈት ሲሰጡን እኔ እየሰማሁ ስጽፍ፣ አንቺ እየገመትሽ ነበር የምትጽፊው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁባት ብቸኛዋ የአማርኛ ነገር እሷ ናት፤ ፈተና ላይ ደግሞ አትመጣም።

ሥራ ይዣለሁ። አንድ ጣሊያን የአዝራር ፋብሪካ አለው። ከቆላ በሚመጣው፣ ዓካት በሚባለው የዘንባባ ፍሬ ነው አዝራሩ የሚሠራው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰውን እያገላበጥኩ፣ ንጹሑን ወደ ቀኝ፣ ነቁጥ ያለበትን ወደ ግራ እለያለሁ። ዐይን ይፈልጋል እንጂ አማርኛ አይፈልግም። ከሥራ ስወጣ መምህር ደርበው ዘንድ እሄዳለሁ። አማርኛውን ብቻ ከፋሲካ በኋላ እደግማለሁ። እናቴ "ዘንድሮ ካልሆነ ይበቃል" ብላለች፤ ተራው የታናናሾቼ ነው። አልፈርድባትም። እስከ አራተኛ ክፍል በትግርኛ ተምረን፣ አንድ መስከረም ስንመለስ መጽሐፉ ተቀይሮ የጠበቀን ልጆች መሆናችንን እሷ ከየት ታውቃለች?

አሁን የምጠይቅሽ አለ። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ ደብዳቤሽን እያነበብኩ በትግርኛ ነገርኳት። የትሪውን ነገር ስትሰማ ሳቀች። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን እኔ ቆምኩ። ባለፈው ዓመት አንቺ ነግረሽኝ የጻፍኩት ደብተሬ ውስጥ አለ፤ እንዲህ ይላል፦ "እጅ ነሣ፦ እጁን ከለከለ፤ ለተቸገረ ሳይደርስ ቀረ።" ታዲያ እናቴ ምን አድርጋሽ ነው እጄን እንድከለክላት የምታዢኝ? ለእሷ "ሰላም በይልኝ ብላለች" ብዬ አለፍኩት። አንቺ ግን ለእኔ አስረጂኝ።

ኣብርሄት


አዲስ አበባ፣ ታህሳስ 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ አብርሄት፣

እንግዲህ "ዓመት"ን በአይኑ ዓ ጻፍኩልሽ። "አይን" ራሱ በየትኛው እንደሚጻፍ ግን ረሳሁት። ቁጣሽ ይገባኛል፤ እዚህም የአማርኛ መምህራችን ወረቀቴን በቀይ አጥለቅልቀው ነው የሚመልሱልኝ።

በሁለተኛዋ አጭር ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ብርድ ልብስ አምጪ። የሚሰጡን አንድ ነው፤ እሱም እግር ሲያለብሱት ትከሻ ይገልጣል። ቁልፍ ያለው ሳጥንም አምጪ። መዝገብ ቤት የሚሰጡሽን ወረቀት ሁሉ አስቀምጪ፤ እኔ አንዷን ጥዬ ሶስት ቀን ከመስኮት ወደ መስኮት ተንከራትቻለሁ። ናፍቆቱን በተመለከተ ግን ምክር የለኝም። አስመራ ሳለሁ ማታ ማታ ከተማው ሁሉ ለብሶ በዋናው መንገድ ሲንሸራሸር "ስራ ፈት" እል ነበር። እዚህ አመሻሹ ላይ እግሬ በራሱ ተነስቶ የሚሄድበት ያጣል።

ያቺን የሰላምታ ነገር የብዕር ወለምታ አድርገሽ ተያት። ቸኩዬ ነበር። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ ማለቴ ነው፤ አንቺም በትክክል ነግረሻታል።

ይልቅ ስለ ቤተ መጻህፍቱ ልንገርሽ። ጣሪያው ረጅም ነው። በየጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ቆብ ያለው መብራት አለ። ወንበሩ ሲጎተት ስለሚጮህ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ያይሻል፤ ስለዚህ ሳትጎትቺ አንስተሽ ማስቀመጥ ነው። የተዋስሽውን መጽሀፍ በቀኑ መልሺ። ከመደርደሪያው ጥግ ያለችውን ቦታ ማንም ስለማይወዳት የኔ ሆናለች። እዚያ ተቀምጬ አንዲቷን ገጽ አራት ጊዜ አነባለሁ።

ከገና በፊት ፈተና አለ። ያልሆነለት ለገና ሻንጣውን ይዞ ይሰናበታል። ከክፍላችን አንዷ ከአሁኑ ልብሷን አጥፋ ጨርሳለች። እኔ የሚያሰናብቱኝ አይመስለኝም፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ይሄኛው "ነሳ" ያው የምታውቂው ነው።

ለአደይ አዜብ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

እማዋይሽ


አስመራ፣ ጥር 22 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእማዋይሽ፣

ከገናው ፈተና በመትረፍሽ ደስ ብሎኛል። የሰማሁት ከአንቺ አይደለም፤ ከአባትሽ ነው። አቶ ሀብተማርያምን ዕዳጋ ሓሙስ አገኘኋቸውና ካልቆምሽ ብለው ሻሂ ጋበዙኝ። ደብዳቤሽን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው አነበቡልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ። አንድ ቀን የቃል ጽሕፈት ውጤታችንን አይተው፣ እንግዳ ፊት "በገዛ ቋንቋሽ ስትበልጥሽ አታፍሪም?" ብለውሽ ነበር አሉ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ለእኔ ምስጋና መሆኑ ነው። አንቺ ስትሰሚው እንዳልሳቅሽ ግን ገምቻለሁ።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን፣ ወንበሩ እንደሚጮህ ዐውቄአለሁ። የጠየቅኩሽን ግን እዚያ ውስጥ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ልሞክር። ከዚህ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ከደብተሬ አርባ ፈሊጦች ገልብጬልሻለሁ። ሁሉም አንቺ የነገርሽኝ ናቸው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሙሉ ስንመላለስ አንቺ ስትናገሪ እኔ የጻፍኳቸው። አንድ በአንድ እዪልኝ። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ "እጅ ነሣ" አለ። ከፋሲካ በኋላ ያ ቃል ዳግመኛ ቢመጣ፣ ባለፈው ዓመት የጻፍኩትን ነው የምደግመው። ይሁን ወይስ ይቅር?

በአንድ ቃል መልሺልኝ።

ኣብርሄት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

አብርሄት፣

ይቅር።

በአንድ ቃል ስላልሽኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ያልጠየቅሽኝ ነው፤ ካልፈለግሽ እዚህ ላይ አቁሚ።

እጅ ነሳ ማለት ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ ማለት ነው። ታላቅ ሰው ፊት የሚደረግ ነው። በደብዳቤ ደግሞ ሰው ሁሉ በየቀኑ ይጽፈዋል። እኔም ለእናትሽ የጻፍኩት ከልቤ ነበር። አፌ ለወራት የደበቀውን እጄ በልማድ ጽፎ አጋለጠኝ።

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? የፈተናው ዋዜማ ነበር፤ እዳጋ ሀሙስ ፌርማታ ቆመን አውቶቡስ እንጠብቃለን። ደብተርሽን ግድግዳው ላይ ደግፈሽ "እጅ ነሣ ምንድን ነው?" አልሽኝ። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። አባቴ ያን የነገሩሽን ነገር ከተናገሩ ሶስተኛ ቀኑ ነበር። ላንቺ ሳይነግሩሽ የቀሩት ደግሞ አለ፤ "ከዚያ የድሃ ሰፈር፣ ከአባ ሻውል የመጣች ልጅ" ነው ያሉት። ያ ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ያደረግሽው በደንብ መስማት ብቻ ነው።

"ፊት ነሳ እንደሚባለው ነው" አልኩሽ። "እንቅልፍ ነሳ፣ ፊት ነሳ፣ እጅ ነሳ፤ ሁሉም መከልከል ነው።" አንቺ ቀና ብለሽ "ሓቂ?" አልሽኝ። "ሓቂ" አልኩሽ። በራስሽ ቋንቋ ነው የዋሸሁሽ።

ቀልዴን ነው ልልሽ ስል አውቶቡሱ መጣ ብዬ ለራሴ ስነግረው ከርሜአለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። በነጋታው ጠዋትም የፈተናው በር ላይ አብረን ቆመናል። ለመናገር ጊዜ አልጠፋም። እኔ ነኝ የጠፋሁት። ከፈተናው ስንወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ "የነገርሽኝ መጣ! እንኳንም ጠየቅኩሽ!" አልሽኝ። የጻፍሽውን አረፍተ ነገር በቃልሽ ነገርሽኝ፦ "ወንድሙ ሲወድቅ እጅ ነሣው።" እኔም "ጎበዝ" አልኩሽ። ከሁሉ የምጠላው ይህንን "ጎበዝ" ነው።

ውጤት ሲለጠፍ ያንቺን ስም ፈልጌ ሳጣው ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ ዳግመኛ አነበብኩት። ቤት ስደርስ አባቴ በግ አሳርደው ጠበቁኝ። ስጋውን ሳልነካ ተነሳሁ፤ እናቴ "የደስታ ነው" አለች።

እዚህ የጻፍኩልሽ ምክር ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የጻፍኩት ላንቺ ብዬ አይደለም። ስለ ትሪና ስለ ወንበር እየለፈለፍኩ እውነቱን ላለመጻፍ ነው። ያ ባዶ አልጋም ሳትመጣ የቀረች ልጅ ነው ብዬሻለሁ። በኔ ልብ ያንቺ ነው። ለዚህ ነው ባዶውን ማየት ያቃተኝ።

ሰላሳ ዘጠኙን ፈሊጦች ሶስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው። ለማመን ከከበደሽ መምህር ደርበውን አሳዪአቸው። ሀሰቱ አስራ ሰባተኛው ብቻ ነው።

በምን ሰላምታ እንደምዘጋው አላወቅኩም። ይቅር በይኝ ማለቱንም ፈራሁት፤ እሱንም እንደ ምክሮቼ እንዳትቆጥሪብኝ።

እማዋይሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 25 ቀን 1960 ዓ.ም.

አብርሄት፣

ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነው። ዝምታሽ ይገባኛል። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ አሳውቂኝ፦ ደብዳቤው ደርሶሻል? ፖስታው ጠፍቶ ከሆነ፣ አንቺ አሁንም ያንን ውሸት ይዘሽ ወደ ፈተና ትገቢያለሽ፤ ይህ ሲታሰበኝ መቀመጥ አቃተኝ። እንዲያ ከሆነ ይኸው ዳግመኛ፦ እጅ ነሳ፣ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላም አለ።

መልስ ባትጽፊም ባዶ ወረቀት በፖስታ አድርገሽ ላኪልኝ። ይበቃኛል።

እማዋይሽ


አስመራ፣ ሰኔ 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእማዋይሽ፣

ሁለቱም ደርሰውኛል። ባዶ ወረቀት ያልላክኩልሽ ወረቀት ማባከን ስለማልወድ ነው። መልስ ያልጻፍኩት ደግሞ ስቆጣ አማርኛዬ ስለሚጠፋ ነው። በትግርኛ ሦስት ገጽ ጽፌልሽ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ቀደድኩት።

አሁን የእኔን ስሚ። ያን ቃል ያወቅኩት በየካቲት ከአንቺ አይደለም። በጥቅምት ነው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት። "ለእናትሽ እጅ ንሺልኝ" የሚለው ስድብ መስሎኝ አልዋጥልህ ሲለኝ፣ መምህር ደርበውን ዕዳጋ ሓሙስ ከገበያ ሲመለሱ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ትርጉሙን በአፍ አልነገሩኝም። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። "ይኸው ነው ልጄ፤ ይህንን ደግሞ ማን አስቸገረሽ?" አሉኝ። አንድ ሽበታም መምህር ለእኔ ለአዝራር ለቃሚዋ ሲያጎነብሱ አይቼ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም ለማንም አልነገርኩም።

ስለዚህ በኅዳር የጠየቅኩሽ ዐውቄ ነው። በጥርም ዐውቄ ነው። ራስሽ እንድትነግሪኝ ነበር የፈለግኩት። አንቺ ስለ ቤተ መጻሕፍት ነገርሽኝ። አባትሽን ሻሂ ቤት ውስጥ እያየኋቸው ምክንያትሽ ገባኝ፤ ገብቶኝም ዝም አልኩ። አንቺ ስትንፈራገጪ፣ ነቁጡ የት ላይ እንዳለ እያወቅኩ እንደ አዝራር አገላብጬ አየሁሽ። ደስ ብሎኝ እንደ ነበር ልደብቅሽ አልችልም። አንቺ የዋሸሽኝ አንድ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን አራት ወር ሙሉ ነው። ይህኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ከአንቺ ጋር አትደባልቂው።

በዚያ ቃል ምክንያት እንደ ወደቅኩ ጽፈሻል። መምህር ደርበው እንደሚሉት ግን የፈተና ወረቀት አይመለስም፤ በአንድ ቃል ይሁን በሃያ ቃል መውደቄን የሚያውቅ የለም። ድርሰቴም መጥፎ ነበር። በአንቺ ቀርቼ እንደ ሆነ አንቺም እኔም ሳናውቀው ነው የምንኖረው። ቢታወቅ ይሻል ነበር፤ ወይ በወግ እጠላሽ ነበር፣ ወይ በወግ እተወው ነበር።

ፈተናውን ተፈትኛለሁ። "እጅ ነሣ" አልመጣም። የመጣው "ፊት ነሣ" ነው። በዐረፍተ ነገር አስገቢ ይላል። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ ጻፍኩ። ምን ብዬ እንደ ጻፍኩ አልነግርሽም።

ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ግን ፈተናውን የጨረስኩ ዕለት ቤት ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ፊቷ ጎንበስ አልኩ። "እንታይ ኴንኪ?" አለችኝ ደንግጣ። "እማዋይሽ የላከችልሽ ነው። በጥቅምት የላከችው ዛሬ ደረሰ" አልኳት። "ፖስታ ቤቱ ሰነፍ ነው" አለችኝ። አደራሽ ደርሷል።

ውጤት በነሐሴ ነው። ካለፍኩ እመጣለሁ። ለሚመጣው ዓመት ክፍል ስትደለደሉ አጠገብሽ ያለውን አልጋ ያዢልኝ። በመስኮት በኩል ይሁን፤ ብርድ አልፈራም። ሻንጣ ግን አታስቀምጪበት።

ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይዘጋም። ለእኔ ያ ቃል አሁን ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ መምህር ደርበው መንገድ ላይ ያሳዩኝ፣ አንዱ አንቺ ፌርማታ ላይ የሰጠሽኝ። ከዚህ በታች በየትኛው እንደ ጻፍኩት አትጠይቂኝ፤ እኔም ገና አልወሰንኩም።

እጅ ነሥቻለሁ።

ኣብርሄት ረዳኢ